መበለት የማትቀምሰው ምስር

ሃራዶን በሞተ ቀን የሚስቱን የዛጎል አምባር የሚሰብር የመበለት እጅ ተፈለገ። ሥራው የመበለት ነው፤ ባል ያላት ሴት አትነካውም። በግቢው ውስጥ ያለችው መበለት ደግሞ ቢብሃ ብቻ ነበረች፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም ሚስት የነበረች፣ ዕድሜዋን ሙሉ የዚያን ቤት ድስት ስታማስል የኖረች። ሴቶቹ የሟቹን ሚስት ታሩላታን፣ ቤተሰቡ ታሩ የሚላትን፣ ደግፈው ወንዙ ዳር አስቀመጧት። ቢብሃ አምባሮቹን በድንጋይ መታ መታ አድርጋ ሰበረች፣ አናቷ ላይ ያለውን የባለትዳርነት ምልክት፣ ቀዩን ቀለም፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች፣ ነጭ ሳሪ አለበሰቻት። ሁሉንም ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል ነው ያደረገችው። ጎረቤቶቹ ይህን አይተው እንዴት ያለች ርኅሩኅ ሴት ናት ተባባሉ።

ርኅሩኅ አልነበረችም። ደስ ብሏት ነበር። ሃራዶን እንዲሞት ተመኝታ አታውቅም፤ ክፉም ደግም ሳይናገራት የኖረ ዝምተኛ ሰው ነበር። ግን የታሩ ግንባር ባዶ ሆኖ፣ እጇም ባዶ ሆኖ ስታየው አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። በሰው ሐዘን እንዲህ መደሰት ነውር ነው የሚል ካለ፣ ከመፍረዱ በፊት ታሩ ምን ስታደርጋት እንደኖረች ይስማ።

ቢብሃ ካትዋ በምትባለው ከተማ ወደዚያ ቤት በሙሽርነት ስትገባ ገና ልጅ ነበረች። ከባሏ ከኒኩንጆ ጋር ወግ ሳትጠግብ ኮሌራ ወሰደባት። ከዚያ በኋላ ሕጉ መጣ። ነጭ ልብስ ብቻ፣ በቀን አንድ ማዕድ ብቻ፣ ዓሣ የለም፣ ሽንኩርት የለም፣ ነጭ ሽንኩርት የለም፤ ከክኮች ሁሉ ደግሞ ቀይ ምስር የለም። ማሾ ለመበለት ይፈቀዳል፣ የአተር ክክም የሽምብራ ክክም ይፈቀዳል፤ ምስር ግን ከሥጋ ነው የሚቆጠረው። ደም ያሞቃል፣ ሐሳብ ወደ ወንድ ይወስዳል ይባላል። ይህን ማን መርምሮ እንደደረሰበት አይታወቅም፤ የመረመረው ግን መበለት እንዳልነበረች ግልጽ ነው።

ታሩ ያን ጊዜ የቤቱ ታላቅ ምራት ነበረች፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ስትራመድ አምባሯ የሚንቋቋ። ኩሽና የምትገባው የድስት ክዳን ከፍታ ለማሽተት ነበር። አማቲቱ ስታረጅ ምድጃው ለቢብሃ ተሰጠ፤ የማትበላው ሴት ብትሠራ ድስቱ አይጎድልም ተብሎ። ጠዋት ጠዋት ምስሩን ትለቅማለች፣ ውሃው ጥርት እስኪል ታጥባለች፣ እርድ ጨምራ ፍርስርስ እስኪል ትቀቅለዋለች። ከዚያ የሰናፍጭ ዘይት አግላ ጥቁር አዝሙድና የደረቀ ቃሪያ ታንጣጣበታለች፤ ሽንኩርቱ ሲጠይም ሁሉንም ምስሩ ላይ ትደፋዋለች። ድስቱ ጭስስ ይልና ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። ጨዉን በእጇ መጠን እንጂ በምላሷ አታውቀውም። ቤተሰቡ ከበላ በኋላ ሰውነቷን ታጥባ፣ ሳሪዋን ቀይራ፣ ጥግ ያለችው ትንሽ ምድጃ ላይ የራሷን ማሾ ትጥዳለች።

አንድ ክረምት፣ መበለቶች ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ የሚውሉበት ጾም በነጋታው፣ ቢብሃ ምስሩን ስታማስል ራሷን አዞራት። ምን እንደምታደርግ ሳታስበው ጭልፋውን ላሰች። አንድ ጊዜ ብቻ። ታሩ በር ላይ ቆማ ነበር።

ታሩ አልጮኸችም። ድስቱን በጨርቅ ይዛ ወደ ግቢው ወጣችና፣ ሾይሎና ሌሎች የሰፈሩ ሴቶች ተቀምጠው ወሬ በሚያወሩበት ፊት ቦዩ ውስጥ ደፋችው።

"ምነው ታሩ፣ ምን ነካው?" አለች ሾይሎ። ከመንገዱ ማዶ የምትኖር ጎረቤት ናት፤ ሰፈሩ ውስጥ ሰው ካነጠሰ እሷ ሳትሰማ አይቀርም።

"መበለታችን ቀመሰችው" አለች ታሩ። "የባሏ አመድ ሳይቀዘቅዝ ምስር አማራት።" ከዚያ ወደ ቢብሃ ዞረች። "አንቺ አንድ ፍሬ በዋጥሽ ቁጥር ኒኩንጆ እዚያ ማዶ ይራባል። አታውቂም? እዚህ ደም ስታሞቂ እሱ እዚያ ባዶ ሳህን ይዞ ይቀመጣል።"

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ቢብሃም አመነቻት፤ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ስድቡንስ ትረሳው ነበር። ኒኩንጆ ባዶ ሳህን ይዞ ተቀምጦ ግን ታያት፤ ከዚያ በኋላ ማሾዋን በጎረሰች ቁጥር በልቧ "ብላ ኒኩንጆ፣ ብላ" ትል ጀመር። ታሩ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ ትጠራትና "እጅሽን አምጪ" ትላታለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ታሸታለች፤ ሽንኩርት ነክታ እንደሆነ ሳይሆን በልታ እንደሆነ፣ ከጥፍሯ ሥር፣ ከከንፈሯም ጭምር። እንግዳ ካለም "ቆይ ድመቴን ልፈትሽ" ብላ እያሳቀች። ይህ ለዓመታት ቆየ። የቢብሃ ጠጉር ሸበተ፣ የታሩ ልጅ ሶመሽ አድጎ አስተማሪ ሆነ፣ ታሩ ግን ማሽተቷን አልተወችም። አሁን ፍረዱ።

የሐዘኑ ወቅት አልቆ ቤተሰቡ ወደ ዓሣውና ወደ ምስሩ የሚመለስበት ቀን ደረሰ። በዚያ ቀን ሁሉም ይመለሳል፤ መበለቲቱ ብቻ አትመለስም።

"ለእትዬ የምሠራው እኔ ነኝ" አለች ቢብሃ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

የሟች አማታቸውን ጥቁር የድንጋይ ሳህን ከአልጋ ሥር አውጥታ አጥባ አቀረበችላት። መበለት በድንጋይ ሳህን ነው የምትበላው። ሶመሽ ፊት በነሐስ ሳህን የዓሣ ራስ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ምስሩ በጎድጓዳ ሳህን ይጨሳል። ታሩ ያንን አየች፣ የራሷን አየች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ማሾ ነው እትዬ።"

"ማሾ መሆኑንማ አያለሁ።"

"ዝንጅብል ጣል አድርጌበታለሁ። ከወደዱ ነገ የአተር ክክ እሠራለሁ። እኔም የምበላው ይህንኑ ነው።"

ምን ትበል? ማሾው በደንብ ተቆልቶ፣ በደንብ በስሎ፣ ንጹሕ ሆኖ ነው የቀረበው። ቢብሃ ክፉ ምግብ ሠርታ ብታቀርብላት ኖሮ ታሩ ሰፈሩን ሁሉ ሰብስባ ትከሳት ነበር። ቢብሃ ግን ሞኝ አይደለችም፤ ሕጉን ሳታጎድል፣ ሳትጨምር፣ ልክ እንደተሰጣት መለሰችላት። ታሩ ደግሞ ምስር የሌለበት ሩዝ ከጉሮሮዋ አይወርድም። ምስሩን ቀን ትበላው፣ ማታ ትበላው፣ የድስቱን ግርጌ በጣቷ ትጠርገው ነበር። ያን ቀን ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

ከኩሽናው ወደ በረንዳው የሚከፈት መስኮት ነበር፤ ጭስ ይገባል ተብሎ ተዘግቶ የኖረ። ቢብሃ በማግስቱ ከፈተችው። ታሩ ከሰዓት በፊት የምትቀመጠው በረንዳው ላይ ነው። ቢብሃ ዘይቱን ታግላለች፣ ጥቁር አዝሙዱን ታንጣጣለች፣ ሽንኩርቱን ከሚያስፈልገው በላይ በቀስታ ታጠይማለች። በዓይኗ ጠርዝ ታሩን ታያታለች። ታሩ መቁጠሪያዋን ይዛ የምትጸልይ ትመስላለች፤ ጣቷ ግን ከአንዷ ፍሬ ንቅንቅ አይልም። ምራቋን ስትውጥ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ቢብሃ ያቺን ጉሮሮ ለማየት ስትል ጠዋት በደስታ ትነሳ ጀመር። ዘፈን ሁሉ ታንጎራጉር ነበር ቢባል ማን ያምናል?

ታሩ እየከሳች ሄደች። አንድ ከሰዓት ሾይሎ ተቀምጣ ሳለ ታሩ ውሃ ልጠጣ ብላ ኩሽና ገባችና ትንሽ ቆይታ ወጣች። ቢብሃ መንገዷ ላይ ቆመች።

"እትዬ፣ እጅዎን ይስጡኝ።"

"ምን?"

"እጅዎን ነዋ። ለእርስዎው ብዬ ነው። ጋሼ ሃራዶን ማዶ ሆነው እንዳይራቡ።"

ታሩ ሾይሎን አየች። ሾይሎ ለማንም አታዝንም፤ ዓይኗ ብቻ ነው የሚበላው። ታሩ እጇን ዘረጋች። ቢብሃ ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ከአውራ ጣት ጀምራ እስከ ትንሿ አሸተተች፤ ጥፍሯንም አልረሳች።

"ንጹሕ ናት" አለች ወደ ሾይሎ ዞራ። ሾይሎ በሳሪዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች።

ነገሩን ሊያበላሽ የነበረው ሶመሽ ነው። የተማረ ልጅ ነው፣ እናቱ ደግሞ ዓይኑ እያየ እየከሳች ነው። አንድ ቀን እሑድ ምሳ ላይ ሳህኑን ገፍቶ ተነሳ።

"እማ፣ ይሄ ነገር በቃ። ካልካታ ውስጥ ማንም ይህን አይጠብቅም። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ያለ የአንድ ባልደረባዬ እናት ባሏ ሞቶባት ዓሣውንም ምስሩንም ትበላለች፤ ሰማይ አልወደቀም። ብዪ። አክስቴ አንቺም ብዪ፤ ለሁለታችሁም ነው የምለው።"

ታሩ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ብርሃን ሲመጣ ቢብሃ አየችው። እንዲህ በቀላሉ? እንዲህ በአንድ እሑድ፣ በልጅ ቃል፣ ምንም ሳትከፍል ልታመልጥ?

"ጥሩ ብለሃል ልጄ" አለች ቢብሃ። ድምፅዋ ማር ነበር። "እሰጣታለሁ፤ አሁኑኑ እሰጣታለሁ። ብቻ አንድ ነገር አላውቅም፤ እሱን እናትህ ትንገረኝና።" ወደ ታሩ ዞረች። "እትዬ፣ መበለት ምስር ስትበላ ባሏ ማዶ ይራባል ወይስ አይራብም? ይራባል ካሉ፣ የጋሼን ነፍስ አስርበው እንዴት ይውጡታል? አይራብም ካሉ ደግሞ ሾይሎን እንጥራት። ያን ቀን ድስቱ ሲደፋ ያየች እሷ ናት። እሷ ፊት፣ 'ዋሸሁ፣ በከንቱ ነው ያስራብኩሽ' ይበሉኝና ይብሉ። በጭልፋ ነው የምጨምርልዎ።"

ሶመሽ እናቱን አየ። "ምንድን ነው የምትለው እማ?"

ታሩ ወደ ሾይሎ ቤት አየች። ሾይሎ ፊት ውሸታም ነኝ ማለት፣ ሰፈሩ ሁሉ ፊት እንደ ማለት ነው፤ ታላቅ ምራት ሆና፣ ሕግ አስከባሪ ሆና የኖረችው ሁሉ በአንድ ከሰዓት የሾይሎ ወሬ ሊሆን ነው።

"ይራባል" አለች በመጨረሻ፣ ሳህኑን ወደ ራሷ እየሳበች። ማሾዋንም በላች።

ሶመሽ ተናዶ ወጣ። ቢብሃ ያን ዕለት ድስቶቹን ስታጥብ እጇ ቀላት፤ እንዲያ ፈትጋ አጥባ አታውቅም። አሁን ሕጉን የያዘችው ታሩ ራሷ ናት። ልትበላ ትችላለች፣ አጥሩ ክፍት ነው፤ ግን በሩ ላይ ቢብሃ ቆማለች። ታሩ ትጠይቀኛለች፣ አንድ ቀን አፏን ከፍታ ዋሸሁ ትለኛለች፣ እያለች ቢብሃ ትጠብቅ ጀመር። ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም።

ክረምቱ ገባ። ያ ውሃ የማይቀመስበት ጾም ዋለና በነጋታው ዝናቡ ያለማቋረጥ ሲወርድ ቢብሃ የሶመሽን ምስር አብስላ ቁሌቱን ደፋችበት። ድስቱ ጭስስ ሲል ታሩ ከበረንዳው ተነስታ መጣች። ግድግዳውን ተደግፋ ነው የቆመችው፤ ነጩ ሳሪ በላይዋ ላይ ሰፍቷል።

"ሾይሎን ጥሪያት" አለች።

ቢብሃ በዝናብ እየሮጠች ሄዳ ጠራቻት። ሾይሎ ጃንጥላዋን ሳትዘጋ ኩሽናው ደጃፍ ላይ ቆመች። "ደግሞ ምን ሆናችሁ?"

"ውሸት ነበር" አለች ታሩ። ዓይኗ ከድስቱ አልተነሳም። "ማዶ የሚራብ የለም። ከራሴ ነው ያወጣሁት። ካህኑም እንዲህ ብሎ አያውቅም።"

ቢብሃ ያሰበችው ይኸው ነበር። እዚህ ላይ ቢያበቃ ልቧ ደርሶ፣ ምስሩን ጨልፋ ሰጥታት፣ ድሉን ይዛ ታረጅ ነበር። ታሩ ግን አንዴ ጀምራለች፤ ረሃብም አፍ ይፈታል መሰለኝ፣ ቀጠለች።

"አማታችንም ልትሞት ስትል ጠርታኝ ነበር። 'ልጅቷን ተያት' አለችኝ። 'ዓሣውንም ምስሩንም ትብላ፤ ገና ልጅ ናት፣ እኔ ያየሁት ይበቃል። እኔ ነኝ ያልኩት ብለሽ ንገሪያት' አለችኝ። አልነገርኩሽም።"

ሾይሎ አንገቷን ወደ ውስጥ አሰገገች። ዝናቡ ጃንጥላዋ ላይ ይወርዳል።

"ለምን?" አለች ቢብሃ።

"ሃራዶን ያይሽ ነበር። ውሃ ስትቀጂ፣ ልብስ ስታሰጪ። አንቺ ቀና ብለሽ አይተሽው አታውቂም፤ እሱንም አውቃለሁ። በማሾ ብቻ ብትኖሪ ትከሻለሽ፣ ይተውሻል ብዬ ነው።"

"ተወኝ?"

"ከስተሽም ያይሽ ነበር።"

ቢብሃ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። ታሩን አዋርዳለሁ ብላ የቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ የራሷን ወጣትነት አገኘችው። አማቷ እናት ሆናላት ነበር ማለት ነው፣ አታውቅም እንጂ። ያቺ ኮስታራ አሮጊት ፈታት ሄዳለች። ያን ሁሉ ዓመት ማሾዋን እየጎረሰች ማዶ ላለው ሰው ስታጎርስ፣ ማንም አልተራበም ነበር፤ ከእሷ በቀር። ማልቀስ ፈለገች፤ ታሩ ፊት ግን አታለቅስም። ንዴቷ ከእግሯ ተነስቶ እስከ ጆሮዋ ደረሰ።

ታሩ ከመደርደሪያው የነሐስ ሳህን አንስታ ዘረጋችላት።

"ያልሽውን ብያለሁ። በሰው ፊት ብያለሁ። አሁን ስጪኝ።"

ቢብሃ ሳህኑን ተቀበለቻት። ሩዙን ከመረችበት። ምስሩን ጨለፈች፣ ደግማ ጨለፈች፣ ከዚያ ድስቱን ዘቅዝቃ ሁሉንም ገለበጠችው፤ ግርጌው ላይ የቀረውንም በጭልፋ ጠረገች። ሶመሽ ዛሬ የራሱን ያስብ። ከዚያ እዚያው ምድጃው ፊት መሬት ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠችና ሳህኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። በእጇ ለወሰች። ጎረሰች።

ጥሩ ነበር። ሽንኩርቱ ይጣፍጣል፣ ጥቁር አዝሙዱ ከጥርስ ሥር ይሰበራል፣ ቃሪያው ቆየት ብሎ ነው የሚመጣው፣ ጨዉ ልክ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ሠርታ ስታበላቸው ጥሩ ነው ብሎ የነገራት አንድ ሰው አልነበረም። ይህ ከሁሉም በላይ አናደዳት፤ ሁለተኛውን ጉርሻ ከመጀመሪያው አስበልጣ ጎረሰች።

"የኔስ?" አለች ታሩ።

"ምድጃው ያውልሽ" አለች ቢብሃ። ታሩን አንቺ ስትላት የመጀመሪያዋ ነው፤ ሾይሎ ቅንድቧን አነሳች። "ምስሩ ቆርቆሮው ውስጥ አለ። ሽንኩርቱም እዚያው ነው።"

"እኔ መች ሠርቼ አውቃለሁ?"

"እሱንማ አውቃለሁ። ከዛሬ ወዲያ ለአንቺ አልሠራም። ማሾም ቢሆን።"

ታሩ ሾይሎን አየች። ሾይሎ ለመሄድ ጃንጥላዋን አቅንታ ነበር፤ አልሄደችም፣ እንዲህ ያለ ነገር አይታለፍም። ታሩ ቀስ ብላ ወደ ቆርቆሮው ሄደች። ምስሩን ሳትለቅም፣ ሳታጥብ፣ በእፍኟ ዘግና ባዶው ድስት ውስጥ ጨመረችና ድስቱን ምድጃው ላይ መለሰችው። ምድጃው አጠገብ ጎንበስ ብላ ቆመች። እሳቱን አየች፣ ማድጋውን አየች፣ ደግማ ድስቱን አየች። ቀያዮቹ ፍሬዎች ትኩሱ ድስት ግርጌ ላይ ማረር ጀምረዋል።

"ቢብሃ" አለች ሳትዞር፣ በቀጭን ድምፅ። "ውሃ ስንት ይገባበታል?"

ቢብሃ አልመለሰችላትም። አፏ ሞልቶ ነበር።